አባ ምልክቱ እጃቸውን ያላወጡበት ቀን

የጤና ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ትምህርቱን ተምሮ ሳይሆን ትምህርቱን ታሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው። ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ኩላሊት ሲወራ ወገቡን ይይዛል፣ ስለ ዓይን ሲወራ ዓይኑን ያሻል። ሬዲዮ ላይ ሐኪም የቀረበ ዕለት ቤተሰቡ ተሯሩጦ ሬዲዮኑን ይዘጋዋል፤ አለዚያ ራት የሚበላ የለም። ጎረቤቱን ጥርሱን ሲያመው የራሱን ጉንጭ በሻሽ አስሮ የሚወጣው እሱ ነው። እንስቅበታለን። እየሳቅን ግን ቀስ ብለን የራሳችንን ወገብ ነካ ማድረጋችን አይቀርም።

የዚህ ወገን አንጋፋ፣ የበላይ ጠባቂና የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር ክቡር አባ ምልክቱ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር። የመንደሩ ነርስ የመጀመሪያውን ትምህርት ከሰጠችበት ቀን ወዲህ ግን በዚያ ስም የሚጠሯቸው ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሲቆጡ ነው።

ነርሷ ወደ ላይኞቹ መንደሮች የተመደበችው ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣች ነው። የላይኞቹ መንደሮች ሰዎች ቁጥራቸው ጥቂት፣ ቋንቋቸው የራሳቸው ነው። ታች ከተማው ውስጥ ያን ቋንቋ የሚሰማ ሰው በፋኖስ ተፈልጎ አይገኝም። የከተማው ሰው ከነሱ ጋር ሲነጋገር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ጮክ ተብሎ የተነገረ ነገር የሚገባቸው ይመስለዋል። ነርሷም ያን ቋንቋ አታውቅም ነበር። ይዛ የወጣችው አንድ ሻንጣ፣ አንድ የመድኃኒት ሣጥንና ከላይ በሽቦ የታሰሩ ትልልቅ ሥዕሎች ናቸው። አንዱን ሥዕል ገልጣ ታስተምራለች፣ ገልብጣ ሌላውን ታሳያለች። መንደሩም ሳይውል ሳያድር ባለ ሥዕሏ አላት።

የመጀመሪያው ቀን የመንደሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ባለሱቁ ከተማ ሲመላለስ የለቃቀመውን ቋንቋ ይዞ አጠገቧ ቆመና ይተረጉምላት ጀመር። ስለ ወባ ተናገረች። ሥዕሉን አሳየች፣ የሚንቀጠቀጠውን ሰውዬ፣ ትንኟን፣ አጎበሩን። ሰው ሁሉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያያታል። በሥልጠና ላይ እንደተነገራት፣ ስትጨርስ ጠየቀች፦ «ከነዚህ ምልክቶች አንዱ ያለበት ሰው እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አልወጣም። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል። እንባዋ ሊመጣ ደርሶ ነበር። ይሄኔ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ እጅ ከነከዘራው ወደ ላይ ወጣ።

«እኔ አለብኝ» አሉ አንድ ሰፊ ኮት የለበሱ አዛውንት።

«የትኛው ምልክት ነው ያለብዎት አባባ?»

«ሁሉም።»

ያን ቀን ነርሷ ልትስማቸው ምንም አልቀራትም። ለካ የሰማት ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ወረቀት አይበቃም። ስለ አንጀት ትላትል ያስተማረች ዕለት አባ ምልክቱ ሆዳቸውን ይዘው ቀሩ። «ልጄ፣ ይሄ ሥዕል እኔን አይቶ የተሳለ ነው» አሉ። ስለ ደም ግፊት ያስተማረች ዕለት ማጅራታቸውን ያዙ። የስኳር በሽታ ውሃ ያስጠማል ባለች ማግስት እንስራ ሙሉ ውሃ ጠጥተው መጡና «ይኸው፣ አልዋሽሽም፣ ጠማኝ» አሏት። ነፍሰ ጡሮች ሊጠነቀቋቸው ስለሚገቡ ምልክቶች ባስተማረች ጊዜ ሴቶቹ ብቻ እንዲመጡ ነግራ ነበር፤ አባ ምልክቱ ግን በመስኮቱ በኩል ከውጭ ቆመው ተከታትለዋል። ስትጨርስ ከዘራቸው በመስኮት ገባ።

«ልጄ፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ ዓይኔ ይደበዝዝብኛል፣ እግሬም አብጧል።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ለእርጉዝ ሴቶች ነው።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ግን አለብኝ።»

ሴቶቹ አንዷ በአንዷ ላይ እየወደቁ ሳቁ። የአባ ምልክቱ ባለቤት ብቻ አልሳቁም። «እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስኖር ስንት ጊዜ መበለት እንደሆንኩ አምላክ ነው የሚያውቀው» አሉ የነጠላቸውን ጫፍ እየቋጠሩ። «ደግሞ አንዴም ደህና አድርጎ አይሞትልኝም።»

ነርሷ ቋንቋውን ከለመደች በኋላ አንድ ጊዜ ከከተማ ተቆጣጣሪ መጣ። ሰዉ ከትምህርቱ ምን እንደያዘ ለማወቅ አዳራሹን ቢጠይቅ የሚመልስለት ጠፋ። አባ ምልክቱ ግን ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡና ከወባ እስከ ዓይን ማዝ የተማሩትን በሽታ ሁሉ፣ አንዱን ምልክት ካንዱ ሳያምታቱ፣ እያንዳንዱን በገዛ ገላቸው ላይ እየጠቆሙ ዘረዘሩለት። ተቆጣጣሪው ነርሷ እየተረጎመችለት አዳመጠና ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኚህ ሰው እስካሁን በምን ቆሙ?» አላት በሹክሹክታ።

«በትምህርት ነው» አለችው።

ትምህርት ባለቀ ቁጥር የሁለቱ ሥርዓት አንድ ነው። ሰዉ ሲወጣ አባ ምልክቱ ይቀራሉ። ነርሷ እጇን ትታጠባለች። የዓይናቸውን ሽፋን ገልጣ ታያለች፣ ደረታቸውን በማዳመጫ ትሰማለች፣ ሆዳቸውን ጫን ጫን ታደርጋለች። ቸኩላ ከጨረሰች እንደማያምኗት ስለምታውቅ ትንሽ ትቆያለች፤ መስኮቱን ታያለች፣ ታስባለች። ከዚያ «የለብዎትም» ትላቸዋለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንዳልሽ ይሁን» ይላሉ። ኮፍያቸውን ያነሣሉ፣ ከዘራቸውን ያነሣሉ፣ ይወጣሉ። ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስላሉ፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ግን አረማመዳቸው የጎረምሳ ነው። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ እያየቻቸው ብቻዋን ትስቃለች። አንዳንድ ቀን ደክሟት፣ ርቧት፣ ልብሷ ሳይታጠብ ተከምሮ ሳለ «ልጄ፣ ምልክቱ አለብኝ» የሚለው ድምፅ ከደጅ ሲመጣ ምነው ጆሮ ባልኖረኝ ትል እንደነበርም መደበቅ አይገባም።

ግን አንድ ነገር አለ። የመንደሩን ቋንቋ የለመደችው ከሳቸው ነው። ሌላው ሰው «ደህና ነኝ» ከሚል በስተቀር ምንም አይነግራትም፤ ከ«ደህና ነኝ» ምን ቋንቋ ይለመዳል? አባ ምልክቱ ግን ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይበላኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል የሚሉትን እያንዳንዱን ለብቻው፣ ቦታውን እያሳዩ አስተማሯት። ነርሷ ገበያ ወጥታ ጨው መጠየቅ ሳትችል «ከግራ ጎድኔ በታች ሲመሽ ይወጋኛል» ማለት ትችል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ባለሱቁን አሰናበተችው። የላይኞቹን መንደሮች ቋንቋ በበሽታ በኩል ገብታ ለመደችው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን እንምጣ።

ደረቁ ወራት ነበር። መንገዱ ዱቄት ሆኗል፣ ሰው ሁሉ ያስላል። ነርሷ ሥዕሎቿን ይዛ አዳራሽ ገባች፤ የዕለቱ ትምህርት ስለ ሳንባ ነቀርሳ ነበር። አንድ የከሳ ሰውዬ አልጋ ላይ ተቀምጦ አፉን በጨርቅ ይዞ ሲያስል የሚያሳይ ሥዕል ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት ሌሊት ማላብ፣ መክሳት፣ እህል አለማሰኘት፤ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው «ምልክቱ ያለበት ሰው እጁን ያውጣ» አለች።

አዳራሹ በሙሉ ወደ አባ ምልክቱ ዞረ። ፊታቸው ላይ ገና ከአሁኑ ሳቅ ይታያል።

አባ ምልክቱ በቦታቸው የሉም። የፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ባዶ ነው። ነርሷ ዓይኗን ስታዞር በር አጠገብ፣ ከሰው ተለይተው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። እጃቸው አልወጣም።

«አባ ምልክቱ፣ ምነው ዛሬ?» አለ አንዱ። «በሽታው አልጣመዎትም?»

«እኔ ምንም የለብኝም» አሉ። ተነሥተው ወጡ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ነርሷ ግን የወጡበትን በር ታያለች። ሥዕሉ እጇ ላይ እንደተገለጠ ቀረ። ለምን ከበር አጠገብ ተቀመጡ? ኮታቸው ሁልጊዜም ሰፊ ነበር፤ ዛሬ ግን ትከሻው ወርዶ ክንዳቸው ላይ ደርሷል፣ አይደለም እንዴ? ወይስ ለሷ መሰላት? ሲወጡ በጉሮሯቸው አንድ ነገር አፍነው ነበር የወጡት፤ ሳል ይሁን ንግግር አልለየችውም። ባለፈው ሳምንት ለምን አልመጡም? ባለፈው ሳምንት እንዳልመጡ እንኳ ልብ ያለችው አሁን ነው። እንዲያውም ደስ ብሏት ልብሷን አጥባ ነበር።

ይመጣሉ ብላ ጠበቀች። የጤና ኬላውን በር ሳትዘጋ ዋለች። ደጅ ከዘራ የመሰለ ነገር ኳ ባለ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ የማገዶ ሸክም ነው፣ የጎረቤት ፍየል ናት። እሳቸው አይደሉም። በማግስቱም አልመጡም። ለራሷ ነገሩን አቅልላ ልታወራው ሞከረች፤ ሰው አንድ ቀን ጤነኛ ቢሆን ምን አለበት? ትልና፣ ወዲያው ደግሞ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት በጆሮዋ ያቃጭላል። ምሳዋን ከፈተችው፣ ሳትበላው ከደነችው። በሦስተኛው ቀን ቦርሳዋን አንሥታ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ወረደች።

ባለቤታቸው ጓሮ ጎመን እየኮተኮቱ ነበር። ቀና ብለው ሲያይዋት አልቀለዱም። ይሄኔ ይበልጥ ፈራች።

«ሰውዬው ዝም ብሏል» አሉ። «ጉበቴን አላለ፣ ወገቤን አላለ። ጠዋት ይነሣል፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ ይገባል። እህል አቀርባለሁ፣ ይነካካና ይተወዋል። ምን ሆንክ ስለው ደህና ነኝ ይለኛል። አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰው በሕይወቱ ደህና ነኝ ብሎ አያውቅም።»

«ያስላቸዋል?»

«የሚያስለው እኔ የተኛሁ ሲመስለው ነው። መኝታውን ለይቷል። ኩባያውንም ለይቷል፤ ራሱ ያጥበዋል። ይሄ ሰው ኩባያ አጥቦ ያውቃል?» ጎመኑን ትተው መቆፈሪያውን መሬት ላይ ሰኩት። «ያ ሥዕልሽ ነው። ትምህርቱን ሰምቷል።»

አባ ምልክቱ ከቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ተቀምጠዋል። ነርሷን ሲያዩ በእጃቸው ራቅ በይ አሏት። ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ለምን አልመጡም?»

«ደህና ስለሆንኩ።»

«ደህና ሲሆኑ ነው እኮ የሚመጡት።»

ከንፈራቸው ሊስቅ ነበር፤ ሳሉ ቀደመው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ አፋቸውን በጨርቅ ይዘው፣ ልክ እንደ ሥዕሉ፣ ብዙ አሳሉ። ነርሷ እጇን ጉልበቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ጠበቀች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አለች።

«እኔ መቼ ደበቅሁ? የሌለብኝን ሁሉ ስነግርሽ አልኖርኩም?» ጨርቁን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ ወዳንቺ የምመጣው በሽታ ፍለጋ አይደለም። አንቺ እጅሽን ታጥበሽ፣ ደረቴን ሰምተሽ፣ መስኮቱን አይተሽ 'የለብዎትም' ትይኛለሽ። እሷን ልሰማ ነው የምመጣው። እሷን ከሰማሁ ሳምንቱን ሙሉ እተኛለሁ። ይሄኛውን ግን ገና ሥዕሉን ስትገልጪው አወቅሁት። ይሄን 'የለብዎትም' አትይኝም።»

ነርሷ በሕይወቷ ያን ቃል ለማለት የዚያን ቀን ያህል ጓጉታ አታውቅም። አንድ ቃል ናት፤ ብትላቸው ኮፍያቸውን አንሥተው ይሄዳሉ፣ ዛሬ ሌሊት ይተኛሉ።

«አልልዎትም» አለች በመጨረሻ። «ያለብዎት ይመስለኛል። ግን በትክክል ከተወሰደ የሚያድን መድኃኒት አለው፤ ያስተማርኩት ውሸት አይደለም። የለብዎትም የምልበት ቀን ይመጣል። መጀመሪያ ግን ከተማ ወርደን አክታዎን ማስመርመር አለብን።»

«ከተማ» አሉ፤ እንደ በሽታ ስም ነበር የጠሩት። «እዚያ የምለውን ማን ይሰማኛል? ኮሪደር ላይ አስቀምጠው ይጮሁብኛል። ሰው በራሱ ቋንቋ መታመሙ ያንሰዋል? በሰው ቋንቋ ደግሞ እንዴት ይታመማል?»

«እኔ በእናንተ ቋንቋ መታመም የቻልኩት በማን ነው?» አለቻቸው። «እርስዎ በቋንቋዎ ይታመሙ። እኔ አጠገብዎ ቆሜ በኔ ቋንቋ እታመምልዎታለሁ።»

አባ ምልክቱ መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉ። ከጓሮው የባለቤታቸው ድምፅ መጣ፤ ለካ መቆፈሪያውን ትተው ጆሯቸውን ጥለው ነበር። «ሸሚዙን አጥቤልሃለሁ» አሉ። ያን ለታ የጠሯቸው እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም ነው፤ ሳይቆጡ።

በማግስቱ እህል የሚያመላልሰው ፒክአፕ ላይ ተሳፈሩ። ነርሷ መስኮቱን ሁሉ አስከፈተች። ሾፌሩ በአቧራው አጉረመረመ፤ አቧራው ከፊት መስኮት ገብቶ በኋላው እስኪወጣ ድረስ ግን አላስዘጋችውም። አባ ምልክቱ በታጠበ ሸሚዝ፣ አፋቸውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በመንገጫገጩ ብቻ ስንት አጥንት በተሰበረባቸው። ነርሷ በየመታጠፊያው ዘወር እያለች አየቻቸው። እባክዎ አንድ ነገር ይመምዎት፣ ጉልበትዎም ቢሆን፣ እያለች በሆዷ ለመነች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወረፋ ጠበቁ። እንደፈሩትም ካርድ ክፍል ያለችው ሴት ጮኸችባቸው፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ጮኸባቸው። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ሐኪሙ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ወጣት፣ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባት፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት» አለ።

«ዶክተር፣ ጆሯቸው ደህና ነው» አለች ነርሷ። «ለኔ ንገረኝ፣ እጠይቃቸዋለሁ።» ወደሳቸው ዞራ በቋንቋቸው፣ ቀስ ብላ፣ «ምን ይሰማዎታል?» አለቻቸው።

«ምንም» አሉ ወለሉን እያዩ።

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ነርሷ እንደ ጤና ኬላዋ ሁሉ ሄዳ እጇን ታጠበች፤ ተመልሳ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። መስኮቱን አየች። ቆየች። አባ ምልክቱ ቀና ብለው አዩዋት።

«ያስለኛል» አሉ። «ብዙ ሆነው።»

«እሺ።»

«ሌሊት ያልበኛል። ልብሴን ያረጥበዋል። ደረቴን እዚህ ጋ ይወጋኛል፣ ስተነፍስ።» ቆም አሉና የሆነ ነገር እንደተለቀቀላቸው ቀጠሉ፤ ጉልበቴ፣ ማጅራቴ፣ ከጎድኔ በታች ሲመሽ፣ የግራ እግሬ ትልቁ ጣት። ከዘራው ከደረት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጫማ ይጠቁማል። ነርሷ አንዱንም ሳትተው ተረጎመችው። እየተረጎመች ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ደስታ ነው። ሰውዬው ተመለሱ።

«ከዚህ ሁሉ ዋናው የትኛው ነው?» አለ ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ።

«ሳሉ ነው» አለች። «ጣታቸውን ግን እንዳትተወው። ጻፈው።»

የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሲናገር ግድግዳውን የተደገፈችው እሷ ናት፤ አባ ምልክቱ ግን የረዥም ጊዜ ሥራቸው በባለሥልጣን የጸደቀላቸው መሰሉ። ባለቤታቸውም በሌላ ቀን ወርደው ተመርምረው ነጻ ሆኑ። «ያንን እንኳ ለብቻው ነው የወሰደው» ብለው አማረሩ፣ ፊታቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ኪኒናቸውን ነርሷ ፊት ይውጣሉ። መድኃኒቱ ሽንት እንደሚያቀላ አስቀድማ ነግራቸው ነበር፤ በማግስቱ አባ ምልክቱ እንደ ሙሽራ ደምቀው ደረሱ። «ልጄ» አሏት ከደጅ ጀምረው፣ ለመንገደኛ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ስንት ዓመት ስታስተምሪኝ፣ ያልሽኝ ምልክት ልክ ባልሽው ቀን ሲመጣ ይሄ የመጀመሪያው ነው!» እያደር ሳሉ ተዋቸው። ላቡ ቆመ። ኮቱ ትከሻቸው ላይ ተመለሰ። የአክታቸውም ምርመራ ንጹሕ ነው ተብሎ ከከተማ መጣ፤ ኪኒናው ግን እስከ መጨረሻው ቀጠለ። አባ ምልክቱም ወደ ፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ነርሷ ማሳል የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ አቧራ ነው አለች። ከዚያ ብርድ ነው አለች። አንድ ሌሊት ላብ አጥምቋት ነቃች፤ ብርድ ልብሱ ወፍራም ስለሆነ ነው አለች፣ ግን ተመልሶ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስታስተምረው የኖረችው ሥዕል ጨለማው ውስጥ ተገልጦ ቁጭ ብሎ ያያታል። ቀበቶዋን ስታስር የምትቆልፍበት ቀዳዳ የቀድሞው ነው ወይስ አይደለም? ትናንት ራቷን ስላልራባት ነው የተወችው ወይስ ስለደከማት? አክታዋን በዕቃ አድርጋ በዚያው ፒክአፕ ወደ ከተማ ላከች፤ ውጤቱ ማክሰኞ ይመጣል ተባለች። ማክሰኞ ሩቅ ነበር። ማድረግ የሚገባትን ሁሉ አድርጋለች፤ የታመመው ሌላ ሰው ቢሆን የምትሰጠውን ምክር ታውቀዋለች። ምክሩ አንድም ሌሊት አላስተኛትም።

የዚያ ሳምንት ትምህርት ስለ ጥርስ ነበር። አፏን በጨርቅ ሸፍና፣ መስኮቶቹን አስከፍታ፣ ከሰው ራቅ ብላ አስተማረች። ስትጨርስ «ምልክቱ ያለበት ሰው እጁን ያውጣ» አለች፤ ድምፅዋ ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ። አባ ምልክቱ ካላቸው ጥርስ በላይ የጥርስ በሽታ ሊኖራቸው እንደሚችል የሚጠራጠር አልነበረም። እጃቸውን አላወጡም። ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳርፈው፣ ዝም ብለው ጨርቋን ያያሉ።

ሰዉ ወጣ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ቀሩ። ነርሷ ሥዕሎቹን ልትጠቀልል ጀምራ ተወችው።

«አባባ» አለች በቋንቋቸው፣ «ምልክቱ ያለብኝ ይመስለኛል።»

አባ ምልክቱ አልሳቁም። አልደነገጡምም። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። ማዕዘን ላይ ካለው ባልዲ ውሃ ቀድተው እጃቸውን በሳሙና፣ እስከ ክንዳቸው፣ ሥዕሉ እንደሚያዘው ታጠቡ። ወንበር አመለከቷት። ተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

ነገረቻቸው።

«ያልብሻል?»

«አንድ ሌሊት።»

«እህል ያሰኝሻል? ከጎድንሽ በታች፣ ሲመሽ?»

«አይ፣ እሱ የለም።»

የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣታቸው ዝቅ አድርገው አዩ። ጆሯቸውን ከጀርባዋ አስጠግተው፣ ተንፍሺ ብለው፣ አዳመጡ። ስለ ሳንባ የሚያውቁት ራሷ ያስተማረቻቸውን ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። በዚህ ጆሮ ምንም ሊሰማ እንደማይችል ታውቃለች። ማክሰኞ ገና እንደሆነም ታውቃለች። ቢሆንም ትንፋሿን ይዛ ፊታቸውን ፊታቸውን አየች። አባ ምልክቱ አልቸኮሉም። መስኮቱን አዩ። አሰቡ።

«የለብሽም» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ከስንት ቀን በኋላ ትከሻዋ ወደ ቦታው ወረደ። ተነሣች፣ ሥዕሎቿን ጠቅልላ በብብቷ ያዘች፣ ነጠላዋን አነሣች።

«እንዳሉ ይሁን» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።